ለዕድራችን ድረ ገጽ ለምን ዴቢያንን መረጥኩ

ትንሽ ድረ ገጽ ለመክፈት ያሰበ ሰው ቪፒኤስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር፣ ሊከራይ ሲገባ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ዝርዝር ይቀርብለታል። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ አልማሊኑክስ፣ ሮኪ፣ አልፓይን፣ ፍሪቢኤስዲ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር። አንዱን መርጦ መቀጠል ነው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ይደውልልኛል። "የቱ ይሻላል?" ይለኛል። ከኔ የሚጠብቀው ስለ ፍጥነት እንድነግረው ነው።

በቀን ጥቂት መቶ ሰው ለሚያየው ገጽ ግን ፍጥነት መለያ አይሆንም። ከተዘረዘሩት የትኛውም ይበቃዋል። ልዩነቱ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ገጹን ያቆመው ሰው ሥራ ቀይሯል፣ አገር ቀይሯል፣ ወይም ልጅ ወልዶ ፋታ አጥቷል። ሰርቨሩ ግን እንደበራ ነው። አፕዴት እየደረሰው ነው ወይስ ተረስቶ ቀርቷል? እኔ የምመርጠው ይህን አስቤ ነው።

የምይዘው የሰፈራችንን ዕድር ድረ ገጽ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የኀዘን መልእክት፣ የወርሃዊ መዋጮ ደረሰኝ በፒዲኤፍ አለበት። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ አሁን የሚኖሩት ውጭ ነው። ማን እንዳረፈ የሚሰሙት ከሳምንት በኋላ ከሆነ ደውሎ እግዜር ያጽናህ ለማለት እንኳ ይዘገያል። ገጹ የተከፈተው በዋናነት ለነሱ ነው።

ሐሳቡን ለኮሚቴው ሳቀርብ ገንዘብ ያዧ ስለ ወጪው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሳሰባቸው። "ልጄ፣ አንተ ባትኖርስ ማን ይይዘዋል?" አሉኝ። በዕድር ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንንም አያስደነግጥም። ዕድር ራሱ የተቋቋመው ነገ የማይኖር ሰው እንዳለ ታውቆ ነው። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሁሉ በዚያ ጥያቄ ነው የመዘንኩት።

ወደ ምርጫው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ገጻችሁ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መምረጥ ጨርሶ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ሼርድ ሆስቲንግ፣ ማለትም ብዙ ገጾች በጋራ የሚጠቀሙበትን ሰርቨር፣ ተከራዩ። ሰርቨሩን የመጠበቅ ሥራ ያኔ የአከራዩ ነው፤ እናንተ ጽሑፋችሁን ታሳድሳላችሁ። የራስን ሰርቨር መያዝ የሚያዋጣው በገዛ ራስ የሚሠራ ፕሮግራም ሲኖር ነው። የኛ ደረሰኝ እንደዚያ ነው። አባሉ በስሙ ይገባል፣ ደረሰኙ እዚያው ይዘጋጃል፣ ያወርደዋል።

ዊንዶውስ ሰርቨርን ቶሎ ነው የተውኩት። ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የምሠራው በእሱ ስለሆነ አላውቀውም ማለት አልችልም። ነገር ግን ለትንሽ ገጽ ሁለት ነገር ይከብዳል። አንደኛው ላይሰንሱ ነው። አከራዮቹ በወሩ ኪራይ ላይ ይደምሩታል፤ ለአንድ ዕድር ደግሞ በዶላር የሚከፈል እያንዳንዱ ሳንቲም ጥያቄ ያስነሳል። ሁለተኛው ራሙ ነው። በመስኮት የሚሠራው ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። አነስተኛው ቪፒኤስ ብዙ ጊዜ ያለው 1 ጊጋባይት ነው። ዴቢያን በዚያው ማሽን ላይ ገና ምንም ሳይጫንበት ከ200 ሜጋባይት በታች ይዞ ይቀመጣል።

ለኛ አገር ሰው ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት አለ። ዊንዶውስን ከሩቅ መቆጣጠር ማለት ብዙውን ጊዜ ስክሪኑን በኢንተርኔት መሳብ ነው። ኔትወርኩ ሲደክም ማውዙ ወዲያ፣ እጃችን ወዲህ ይሆናል። ሊኑክስ (ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ አልማ፣ ሮኪ፣ አልፓይን ሁሉ የሱ ዓይነቶች ናቸው) ግን ከሩቅ በጽሑፍ ትእዛዝ፣ በኤስኤስኤች ነው የሚታዘዘው። የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ተርመክስ የተባለውን ትእዛዝ መጻፊያ አፕ ከፍቼ፣ በደካማ የሞባይል ዳታ፣ የቆመ ሰርቪስ አስነስቼ አውቃለሁ። ይህ ለእኔ ከየትኛውም የፍጥነት ሰንጠረዥ በላይ ነው።

ቀጥሎ የማወራው ስለ ሴንትኦኤስ ነው። ዛሬ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ግን ታሪኩን ሳያውቁ መምረጥ ከባድ ነው። ሴንትኦኤስ የሬድ ሃት ካምፓኒን የሚከፈልበት ሊኑክስ በነፃ ያቀርብ የነበረ ሥርዓት ነው። በሆስቲንግ ዓለም ለብዙ ዓመታት የእሱን ያህል የታመነ ጥቂት ነበር። ሴንትኦኤስ 8 በፈረንጆች 2019 ወጣ። እስከ 2029 ድጋፍ (የደኅንነት ጥገና) ያገኛል ተብሎ ስንቱ ሰርቨሩን ወደሱ አሸጋገረ። በዲሴምበር 8 ቀን 2020 ሬድ ሃት አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ ያበቃል የሚል ነበር። የስምንት ዓመት ተስፋ በአንድ ዓመት ተቆረጠ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው። አሮጌው ሴንትኦኤስ 7 እስከ ጁን 2024 ድጋፍ ሲያገኝ ቆየ። ስለዚህ በጊዜ ወደ 8 የተሻገረው ትጉህ ሰው፣ ዛሬ ነገ እያለ 7 ላይ ከቀረው ቀድሞ መንገድ ላይ ቀረ። ያ ሰው የሠራው ስህተት የለም። ውሳኔው የተሰጠው እሱ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ተተኪዎች ተነሱ። ሮኪ ሊኑክስን የጀመረው ከሴንትኦኤስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ኩርትዘር ነው። አልማሊኑክስን ያስጀመረው ክላውድሊኑክስ የተባለ ካምፓኒ ሲሆን በኋላ ለፋውንዴሽን አስረክቦታል። ሁለቱም በ2021 ወጡ። ሁለቱም ለአንድ እትም አሥር ዓመት ድጋፍ ይሰጣሉ። ሲፓነል የተባለውን የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ መጫን የግድ ለሆነበት ሰው አልማን ያለ ሥጋት እመክራለሁ። ነገር ግን በ2023 ሬድ ሃት ምንጭ ኮዱን የሚያገኙበትን መንገድ ሲያጠብ ሁለቱም አሠራራቸውን እንደገና ማሰብ ግድ ሆነባቸው። ተወጥተውታል። ያም ሆኖ ከላይ የሌላ ሰው ውሳኔ እንዳለ ይሰማኛል። "አንተ ባትኖርስ" የሚለውን ጥያቄ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙም እጠይቀዋለሁ። ካምፓኒው ሐሳቡን ቢቀይርስ?

ዴቢያን የልቤን ያደረሰው እዚህ ላይ ነው። በ1993 ኢያን መርዶክ የተባለ ተማሪ ጀመረው። ባለቤት የሚሆን ካምፓኒ የለውም። በዓለም ዙሪያ የተበተኑ አንድ ሺህ ገደማ በጎ ፈቃደኛ አባላት አሉት። በየዓመቱ መሪያቸውን በድምፅ ይመርጣሉ። ከተጠቃሚው ጋር የገቡት የጽሑፍ ቃል ኪዳን አላቸው፤ በ1997 የጸደቀ ነው። አለመግባባት ሲመጣ በደንባቸው መሠረት ድምፅ ይሰጣሉ። ይህን ለኮሚቴው ስተርክ ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ። "ይሄማ ዕድር ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። መሥራቹ ኢያን መርዶክ በ2015 በለጋ ዕድሜው አርፏል። ከመሪነቱም ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ወርዶ ነበር። ዴቢያን ግን ሳይደናቀፍ ቀጠለ። ይህን የሚያህል መልስ ከየትም አላገኘሁም።

ዴቢያን አሮጌ ነው የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ሆን ተብሎ ነው። አዲስ እትም የሚወጣው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ዴቢያን 12 በጁን 2023 ሲወጣ የያዘው ፒኤችፒ (ድረ ገጽ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) 8.2 ነበር፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻ 8.2 ሆኖ ይኖራል። የደኅንነት ጥገናው ግን በዚያው እትም ላይ እየተሠራ ይመጣል። ፕሮግራማችሁ ትናንት ከሠራ ነገም ይሠራል። ገጹን በትርፍ ጊዜው ለሚይዝ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አዲስ መሆን ሁልጊዜ ጥቅም እንዳልሆነ የኤክስዜድ ጉዳይ በደንብ አሳይቷል። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጨቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በየሊኑክሱ ውስጥ አለ። አንድ ራሱን ጂያ ታን ብሎ የሚጠራ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየረዳ አመኔታ አገኘ። ከዚያ በ2024 መጀመሪያ 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት እትሞች ውስጥ የተደበቀ በር አስገባ። ዓላማው በኤስኤስኤች በኩል ሰርቨር ውስጥ መግባት ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ባለሙያ ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ አላስተኛው አለ። ፈትሾ አገኘው፤ ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። መርዙ በዚያን ጊዜ የደረሰው በአብዛኛው ገና በሙከራ ላይ ወዳሉ እትሞች ነበር፤ የዴቢያንም የሙከራው ክፍል ተነክቷል። የተረጋጋው ዴቢያን 12 ግን የቆየውን 5.4 ነበር የሚጠቀመው። አልነካውም። የዕድሩ ሰርቨር ያን ሳምንት ምንም አላስፈለገውም።

ስለ ኡቡንቱ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። በ2004 ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ባለሀብት የጀመረው ነው፤ መሠረቱም ዴቢያን ነው። በሁለት ዓመት አንዴ በአፕሪል የሚወጣው የረጅም ዘመን እትሙ አምስት ዓመት ድጋፍ አለው። እኛ አገር ሊኑክስ የተማረ ወጣት በአብዛኛው የሚያውቀው ኡቡንቱን ነው። ኢንተርኔት ላይ ለሚፈለግ ችግር ሁሉ መልሱ በኡቡንቱ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ገና ጀማሪ ለሆነና ብቻውን ለሚሠራ ሰው ኡቡንቱ 24.04ን ውሰድ ስል ቅር አይለኝም።

እኔን ወደ ዴቢያን ያዘነበለኝ አንድ ዝርዝር ነገር ነው። በኡቡንቱ የአምስት ዓመቱ ነፃ ድጋፍ ዋናውን የፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) ክፍል ነው የሚሸፍነው። ዩኒቨርስ የተባለው ሰፊው ክፍል ሙሉ የደኅንነት ሽፋን የሚያገኘው በኡቡንቱ ፕሮ ነው። ፕሮ ለግል አገልግሎት እስከ 5 ማሽን ድረስ ነፃ ነው። ግን አካውንት መክፈት፣ ቶክን (የመለያ ኮድ) ማስገባት ይጠይቃል። አካውንቱ በማን ስም ይከፈት? እኔ ብሄድ ማን ይረከበዋል? ለዕድር ይህ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ነው። ዴቢያን አካውንት አይጠይቅም።

ከሊኑክስ ውጭ ያሉትን ፍሪቢኤስዲንና ኦፕንቢኤስዲን ከልቤ አከብራለሁ። ፍሪቢኤስዲ ኔትፍሊክስ ቪዲዮውን ለዓለም የሚያድልበት ነው፤ ጥራቱ አያጠያይቅም። ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ የራሱን ዌብ ሰርቨርና ፋየርዎል ይዞ ይመጣል፤ ተጨማሪ ሳይጫን ገጽ ማስነሳት ይቻላል። ነገር ግን በየስድስት ወሩ ይወጣል፤ እያንዳንዱ እትም የሚደገፈው አንድ ዓመት ያህል ነው። በዓመት ቢያንስ አንዴ የግድ ማሻገር አለ። አልፓይንም ትንሽና ፈጣን ነው፤ ኮንቴይነር (አንድ ፕሮግራም ለብቻው ታሽጎ የሚሠራበት) ውስጥ እወደዋለሁ። ኮሚዩኒቲ የተባለው የፓኬጅ ክፍሉ ግን የሚደገፈው ቀጣዩ እትም እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው። በሰፈራችን ደግሞ እነዚህን የሚያውቅ ተረካቢ ማግኘት ከባድ ነው።

አሁን ከየትኛውም የፈረንጅ መመሪያ ላይ ስለማይገኘው፣ ስለ አማርኛው ላውራ። ሰርቨር ስክሪን ስለሌለው ለአማርኛ የሚሆን ፎንት ይዞ አይመጣም። በብሮውዘር የሚታየው ገጽ ችግር የለበትም፤ ፎንቱ ያለው አንባቢው ስልክ ላይ ነው። ደረሰኙ ፒዲኤፍ ሆኖ ሰርቨሩ ላይ ሲዘጋጅ ግን የአባሉ ስም በሚገባበት ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ዴቢያን ላይ አቢሲኒካ የተባለው ፎንት በፓኬጅ አለ፤ የኖቶ ኢትዮፒክም አለ። በአንድ ትእዛዝ ይጫናል፣ አፕዴቱም ከሌላው ጋር ይመጣል። ከየድረ ገጹ ፎንት እየለቀሙ በእጅ መጫን ቀረ። ይህ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም። የአንድ እናት ስም በሳጥን ተጽፎ ደረሰኝ ሊሰጣቸው አይገባም።

ዳታቤዙም እንደዚያው ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ብዙ የቆዩ የዳታቤዝ ኮንፊጎች ግን የላቲንን ፊደል ብቻ አስበው የተሠሩ ናቸው፤ አማርኛ ሲገባባቸው የጥያቄ ምልክት ያደርጉታል። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ተመልሶ አይነበብም። ዴቢያን የሚያቀርበው ማሪያዲቢ የተባለ ዳታቤዝ ከመጀመሪያው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (አማርኛንም በሚይዘው ኮድ) ተደርጎ ነው የሚጫነው። ቢሆንም አንድ የአማርኛ ስም አስገብታችሁ፣ መልሳችሁ አውጥታችሁ እዩ። ሌላ ዳታ ከማስገባታችሁ በፊት።

ሰዓትም አለ። ሰርቨሩ ሲመጣ ሰዓቱ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፤ አዲስ አበባ 3 ሰዓት ትቀድመዋለች። የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ይለያል። ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጌዋለሁ። አፕዴቱ ሪስታርት ሲፈልግ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ያደርጋል፤ ኮንፊጉ ላይ የሚጻፈው 04:00 ተብሎ ነው። ሁለቱንም ለተረካቢ በማዘጋጀው የትእዛዝ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስፍሬዋለሁ። በዚያ ሰዓት ገጹ ለደቂቃ ቢጠፋ ውጭ ያሉት አንዳንዶቹ ያዩ ይሆናል፤ ብዙው አባል ግን ተኝቷል።

አፕዴቱን በራሱ የሚሠራው አንአቴንድድ አፕግሬድስ የተባለው ፓኬጅ ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ይመጣል። ዴቢያን ላይ መኖሩን ራሳችሁ አረጋግጡ። ገጹ በተመሰጠረ ግንኙነት እንዲከፈት ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ የሚሰጠው ሰርተፍኬትም እንዲሁ መታየት አለበት። የተለመደው ሰርተፍኬት ዕድሜው 90 ቀን ነው። ሰርተፍኬቱን የሚያወጣውን ሰርትቦትን ከዴቢያን ፓኬጅ ከጫናችሁት ማደሻው አብሮ ይመጣል። ነገር ግን ሌትስ ኢንክሪፕት ከጁን 2025 ጀምሮ "ሊያበቃ ነው" የሚለውን የማስጠንቀቂያ ኢሜይል መላክ አቁሟል። ማደሱ ቢሰናከል የሚነግራችሁ የለም። እኔ በየወሩ የመዋጮ ቀን ላይ ቀኑን በዓይኔ አያለሁ።

አንድ የኛ አገር ምክር ደግሞ አለኝ። ትልቅ አፕግሬድ ስትጀምሩ በቀጥታ በኤስኤስኤች አትሂዱ፤ ቲመክስ የተባለው ፕሮግራም ውስጥ ገብታችሁ ጀምሩ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ዋይፋዩ ግን አብሮ ይሄዳል። ቲመክስ ውስጥ ከሆነ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። በሞባይል ዳታ ተመልሳችሁ ከቆማችሁበት ትይዙታላችሁ። ያለ እሱ ፓኬጁ በግማሽ ተጭኖ ሊቀር ይችላል።

የትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የማያድንበት ቦታ እንዳለም መናገር አለብኝ። ትንንሽ ገጾች ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት ባልታደሰ የዎርድፕረስ ፕለጊን ወይም በደካማ ፓስዎርድ ነው። ዴቢያን ፒኤችፒውን ይጠግናል፤ ከሌላ ቦታ ያወረዳችሁትን ፕለጊን አይጠግንም። ኤስኤስኤችን በቁልፍ ፋይል ብቻ አድርጉት፣ በፓስዎርድ መግባትን ዝጉ። ባክአፑንም ከዚያው አከራይ ውጭ አስቀምጡ። የኛ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ጸሐፊው ቤት በሃርድ ዲስክ አለ።

ተረካቢዋም ተገኝታለች። የሰፈራችን ልጅ ናት፣ ሶፍትዌር ትማራለች፣ የምታውቀው ኡቡንቱን ነው። ዴቢያን ላይ ስትገባ ፕሮግራም መጫኛው አፕት ያው፣ የፋይሎቹ ቦታ ያው፣ ሰርቪስ ማስነሻው ሲስተምዲ ያው ሆኖ አገኘችው። አልተቸገረችም። ወረቀቱን ብቻ ይዛ፣ እኔን ሳትጠይቅ፣ በባዶ ሰርቨር ላይ ገጹን ከባክአፑ እንድታስነሳ ጠየቅኳት። አስነሳችው። የፎንቱ መስመር ላይ ማብራሪያ ጨምራበታለች፤ የሷ አጻጻፍ ከኔ ይሻላል።

ቀጣዩ ሥራ ወደ ዴቢያን 13 መሻገር ነው። በኦገስት 2025 ወጥቷል። ዴቢያን 12 በረጅሙ ድጋፍ እስከ ጁን 2028 ስለሚቆይ አንጣደፍም። ግን እትም መዝለል ስለማይመከር ወረፋውን ማጠራቀም አልፈልግም። ፒኤችፒው ከ8.2 ወደ 8.4 ስለሚያልፍ የደረሰኙን ኮድ ቀድመን በሙከራ ሰርቨር ላይ እናየዋለን። ትእዛዞቹን የምትጽፈው እሷ ናት።